ጎሉ ገባ… ሞባይሉስ?

የአዲስ አበባ ስታዲየምን ደረጃ ለዓመታት የረገጠ ደጋፊ ሁሉ ሳያስበው የሚጨፍራት አንዲት ጭፈራ አለች። ጎል ሲገባ መጀመሪያ ይዘላል። ቀጥሎ አጠገቡ ያለውን፣ ስሙን እንኳ የማያውቀውን ሰው አንገቱን አንቆ ይስመዋል። ሦስተኛዋ እንቅስቃሴ ግን የደስታ አይደለችም። እጁ ቁልቁል ትወርድና የሱሪውን ኪስ ትዳብሳለች። ቀፎው ካለ ጭፈራው ይቀጥላል። ከሌለ ለዚያ ሰው ጨዋታው በዚያች ደቂቃ አለቀ። የቀረውን ሰዓት ኳሱን ትቶ የጎረቤቶቹን እጅ ሲያይ ያመሻል።

በካታንጋም ሆነ በሚስማር ተራ፣ በዳፍ ትራክም ሆነ በከማን አንሼ ዳበሳዋ አንድ ናት። ከፍ ያለ ከፍሎ ጥላ ፎቅ የገባውም ቢሆን ኪሱን ይዳብሳል። በዚህ ነገር ጊዮርጊስና ቡና አይለያዩም፤ ሌባ ማሊያ አይመርጥም።

ስታዲየምና ኪስ አውላቂ ድሮም ጎረቤት ነበሩ። ሞባይል ሳይመጣ በፊት የሚሄደው የገንዘብ ቦርሳና የእጅ ሰዓት፣ ሲብስም ከራስ ላይ የሚነሳ ኮፍያ ነበር። በ1991 ዓ.ም. የሞባይል አገልግሎት በአገራችን ሲጀመር ቀፎ የያዘ ሰው ከሩቁ ይታወቅ ነበር። ሰውየውም እንዲታወቅለት ይፈልጋል። በቆዳ ማኅደር ቀበቶው ላይ ይሰካዋል፣ ወይም በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል። ከደረጃው መሀል ተነስቶ ጮክ ብሎ ስታዲየም መሆኑን ለዓለም ማሳወቅ ራሱን የቻለ ትርዒት ነበር። ትርዒቱን ደግሞ ሌባውም ያያል። ከዚያ ኖኪያ 3310 መጣ፣ ባትሪ የምታበራዋ ኖኪያ 1100 ተከተለች፣ ቀፎ ከነጋዴ እጅ ወጥቶ የተማሪም የወዛደርም ኪስ ገባ። የአንገቱ ክር ቀረ። ምን ያደርጋል፣ ክር በምላጭ ይቆረጣላ!

ሌባው ኳስ አያይም

ብዙ ደጋፊ ሞባይሉ የጠፋው ጎል ሲገባ ይመስለዋል። ጠፍቶ ያገኘው ያኔ ነው እንጂ ብዙውን ጊዜ የሄደው ቀደም ብሎ ነው። የሌባው ዋና ጨዋታ የሚካሄደው ዳኛው ፊሽካ ሳይነፋ፣ በር ላይ ነው።

ትልቅ ጨዋታ ያለበትን ቀን ማስታወስ ይበቃል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2ለ0 አሸንፋ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰችበት ቀን። ወይም ዓመት ቆይቶ ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. ናይጄሪያ መጥታ 2ለ1 ያሸነፈችን ጊዜ። ካምቦሎጆ የሚይዘው የታወቀ ነው፣ የሚመጣው ሕዝብ ግን ልክ የለውም። ሰልፉ ከማለዳው ይጀምርና አጥሩን ተከትሎ ይጠማዘዛል። በር ሲከፈት ሰልፍ የሚባል ነገር ይቀርና ሁሉም ይገፋል። በዚያ ግፊያ ውስጥ ሰው እግሩ መሬት ሳይነካ በሌላው ትከሻ ላይ ተንሳፎ ይገባል። ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው እጅ ቢገባ በምን ያውቃል? ጎኑን እየደቆሱት፣ ጫማውን እየረገጡት፣ አንዲት ቀላል እጅ አትሰማውም።

የፍተሻዋ ጣጣ ደግሞ ለብቻዋ ነች። ተመልካቹ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ይፈተሻል። ፍተሻው ግድ ነው፣ ማንም አይጠላውም። ግን እጁ ከላይ፣ ኪሱ ከታች ይሆናል። ከኋላ የሚገፋው አለ፣ ከፊት ፈታሹ ቶሎ እለፍ ይላል። አንዳንዱ ቀፎውን ለፍተሻ አውጥቶ ያሳይና ሲመልሰው ከቀድሞው የውስጥ ኪስ ትቶ ቅርብ የሆነው የጃኬት ኪስ ውስጥ ጣል ያደርገዋል። አስር እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ይህን ሲጠብቅ የነበረ ሰው አለ።

ይህ ሰው ብቻውን አይሠራም። ሥራው የቡድን ሥራ ነው፣ በኳስ ቋንቋ ቢነገር ይቀላል። አንዱ ከፊት ሆኖ መንገድ ይዘጋል። ጫማው እንደተፈታበት ጎንበስ ይላል ወይም ትኬቱን እንደጣለ ሰው ወደ ኋላ ይመለሳል። ሁለተኛው ከኋላ ይገፋል። ሦስተኛው ጎን ላይ ቆሞ ያወጣል። ያወጣትን ቀፎ ግን ሁለት ሰከንድ እንኳ አይዛትም፣ በአንድ ንክኪ ለአራተኛው ያቀብላል። አራተኛው ከግፊያው ውጪ ነው፣ ፊቱን ወደ ለገሃር ወይም ወደ መስቀል አደባባይ አዙሮ ይሄዳል። ባለንብረቱ ነቅቶ የጎኑን ሰው አንቆ ቢይዘው እንኳ ያ ሰው ባዶ ነው። ፈትሹኝ ብሎ ራሱ ይጮኻል። ይህን ቅብብል ያየ ሰው አንዳንድ ክለቦቻችን መሀል ሜዳ ላይ ለምን እንዲህ አይቀባበሉም ብሎ ቢያዝን አይፈረድበትም።

ከስታዲየሙ ውጪ ያሉት ስልቶች ለከተማው ሰው አዲስ አይደሉም። ልብስህ ላይ ምራቅ ወይም ጭቃ ነገር ያርፍና አንዱ ይቅርታ እያበዛ ሊጠርግልህ ይጠጋል። ሲጠርግ ጓደኛው ደግሞ ኪስህን ይጠርጋል። ቤት ልደውል፣ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው ብሎ ቀፎ የሚለምን አለ፤ ሰጥተኸው ሦስት እርምጃ ፈቀቅ ይላል፣ ከዚያ ላሽ። ታክሲ ውስጥ መስኮት አጠገብ ተቀምጦ ውጤት የሚያይ ደጋፊ እጁ ላይ እንዳለች ትሄድበታለች። በሞተር ሳይክል እያለፉ የሚመነትፉት በዝተው የአዲስ አበባ አስተዳደር በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በሞተር እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ሲጥል ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ዘረፋ ነበር።

አንዷ ስልት ግን ለኳስ ወዳጅ በተለይ ትመለከታለች። ጎረምሶች መንገድ ላይ ሳቅ እያሉ ይጠጉና ኳስ የሚያታልሉ መስለው እግራቸውን ከእግርህ ጋር ያቆላልፋሉ፣ ትከሻህን ይይዛሉ፣ ይጨፍራሉ። እየሳቅህ ኪስህ ባዶ ይቀራል። ይህቺ የአዲስ አበባ ብቻ ፈጠራ አይደለችም። ባርሴሎና ውስጥ ቱሪስቱን በዚሁ መንገድ ይበሉታል፣ ስልቷንም በሮናልዲንሆ ስም ይጠሯታል። ሰውየው በኑካምፕ ስንቱን ተከላካይ አታሎ ስሙን ተክሎ ሲያበቃ ስሙ ኪስ አውላቂ ላይ ማረፉ ያሳዝናል።

ፓሪስም ያው ነው

ይህ የድሃ አገር ችግር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ የ2022ቱን (እ.ኤ.አ.) የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ ያስታውስ። ግንቦት 28 ቀን በስታድ ደ ፍራንስ ሪያል ማድሪድ ሊቨርፑልን በቪኒሲየስ ጎል 1ለ0 ያሸነፈበት ጨዋታ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ነበር የተጀመረው። በሮቹ ላይ ሕዝብ ታፍኖ ቆመ፣ ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ ረጨ። መጀመሪያ ጥፋቱ የተለጠፈው ዘግይተው መጡ፣ የሐሰት ትኬት ያዙ በተባሉ ደጋፊዎች ላይ ነበር። በየካቲት 2023 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው፣ ዩኤፋ ራሱ ያስጠናው የገለልተኛ ቡድን ሪፖርት ግን ዋናውን ኃላፊነት ዩኤፋ ላይ ጣለው።

ከዚያ ሁሉ ትርምስ ጎን የነበረው ነገር እኛ ጋ ብዙም አልተወራም። የሁለቱም ቡድን ደጋፊዎች ከጨዋታው በፊትም በኋላም በስታዲየሙ ዙሪያ በቡድን በሚንቀሳቀሱ ዘራፊዎች ተበልተዋል። ስልክ፣ ሰዓት፣ ትኬት ሳይቀር። የአውሮፓ ትልቁ ጨዋታ፣ በሺዎች የሚቆጠር ፖሊስ ባለበት ከተማ! ምክንያቱ እንደ ካምቦሎጆው ያው ነው። ሰው በጠባብ መንገድ ታጭቆ ቆሟል፣ ሁሉም ዓይኑ በሩ ላይ ነው፣ ፖሊሱም ሰልፉን እንጂ ኪሱን አያይም። የበር አከፋፈትና የሰልፍ አያያዝ ከኪስ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም ለሚል ሰው ፓሪስ መልስ ትሰጠዋለች። አንድ በር ከሚከፈት አራት ቢከፈት፣ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ከሚጀመር አራት ሰዓት ሲቀረው ቢጀመር ግፊያ አይኖርም። ግፊያ ከሌለ ደግሞ መንታፊ በግላጭ ቆሞ ይታያል።

«ሌባ! ሌባ!»

አሁን ደግሞ ደስ የማትለዋ ክፍል። ካታንጋ ውስጥ አንድ ሰው ሌባ ብሎ ሲጮኽ ምን እንደሚሆን ስታዲየም የገባ ሁሉ ያውቃል። ኳሱ ይረሳል፣ ክብ ይሠራል፣ ቡጢና እርግጫ ይዘንባል። አብዛኛው የሚማታው ምን እንደጠፋ እንኳ ሳይጠይቅ ነው። ቡድኑ እየተመራ ከሆነማ የተመልካቹ ንዴት በሙሉ በዚያ አንድ ልጅ ጀርባ ላይ ያርፋል።

ግን ከላይ የተነገረውን ቅብብል ማስታወስ ነው። ቀፎዋ በሁለት ሰከንድ እጅ ቀይራለች። የሚያዘው ብዙ ጊዜ ጎን ላይ የቆመው ነው፣ አንዳንዴም ከነገሩ ጋር ምንም የማይገናኝ፣ ልብሱ ያረጀ፣ ከግፊያው ለመውጣት የሮጠ የሰፈር ልጅ ነው። ቆሎ ሻጭ፣ ሶፍት ሻጭ፣ ጫማ ጠራጊ። በሕዝብ መሀል መሮጥ ጥፋተኛ ያስመስላል። እሱ ደም በደም ሆኖ ሲወጣ ቀፎዋ ፒያሳን አልፋለች። የተደበደበው እውነተኛው ሌባ ቢሆን እንኳ ቀፎዋ አትመለስም፣ የደበደበውም ሰው በሕግ ይጠየቅበታል። የተያዘን ሰው ለፖሊስ መስጠት የፈሪ ሥራ አይደለም። ቢያንስ ከእሱ ኋላ ያለውን አቀባይ ለማግኘት ያለው ብቸኛ መንገድ እሱ ነው፣ የተደበደበ ሰው ደግሞ ስም አያወጣም።

የሚያስገርመው እሁድ ዕለት ሌባ ሲረግጥ የዋለው ደጋፊ ሰኞ ጠዋት የሚያደርገው ነገር ነው።

ያለ ካርቶን

ሰኞ ጠዋት ያው ደጋፊ መርካቶ ይወጣል፣ ወይም ሰፈሩ ያለ ልጅ ያንሾካሹክለታል። አሪፍ ሳምሰንግ አለ፣ ንጹህ ነው፣ ካርቶን ብቻ የለውም። ዋጋው የሱቁ ግማሽ ነው። ካርቶኑ የት ሄደ ብሎ አይጠይቅም፣ ምክንያቱም መልሱን ያውቀዋል። ቻርጀር የለውም፣ ደረሰኝ የለውም፣ የሻጩ ስም ከቅጽል ስሙ ውጪ አይታወቅም። ግን ግማሽ ዋጋ ነው! ይገዛል። ሌባው እሁድ የሠራውን ሥራ ደመወዙን የሚከፍለው እንግዲህ ይህ ሰው ነው።

ስለ ሞባይል ሌብነት ሲወራ ሁልጊዜ ስለ ሌባው ጣት ይወራል። ጣቱ ግን ቀፎን አይበላም፣ ሲም ካርድ አይጠጣም። ማንም የማይገዛው ቢሆን ኖሮ ግፊያ ውስጥ ገብቶ የመደብደብ አደጋ የሚጋፈጥ ሰው አይኖርም ነበር። እንዲያውም ከሌባው ይልቅ ካርቶን የማይጠይቀው ገዢ ነው የዚህ ጨዋታ አስር ቁጥር።

ሕጉም እንዲሁ ነው የሚያየው። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሚቀጣው የሰረቀውን ብቻ አይደለም። ዕቃው የወንጀል ፍሬ መሆኑን እያወቀ ወይም ማወቅ ሲገባው የገዛ፣ የተቀበለ፣ የደበቀ፣ በማሻሻጥ የረዳም ወንጀለኛ ነው። ማወቅ ሲገባው የምትለዋን ሐረግ ልብ ማለት ነው። ግማሽ ዋጋ፣ ካርቶን የሌለው፣ መንገድ ላይ የተሸጠ። ፍርድ ቤት ቀርቦ አላወቅኩም ለማለት አይመችም።

አንዳንዱ ገዢ ደግሞ ቅጣቱን እዚያው መንገድ ላይ ያገኛል። ሻጩ እውነተኛዋን ቀፎ ያሳየዋል፣ ያስነካዋል፣ ያስደውለዋል። ዋጋ ከተስማሙ በኋላ ፖሊስ መጣ ብሎ ይደናገጥና ቶሎ በወረቀት ጠቅልሎ ያስይዘዋል። ቤቱ ገብቶ ሲፈታው የልብስ ሳሙና ነው። የት ሄዶ ይከሰሳል? የተሰረቀ ስልክ ስገዛ ሳሙና ሰጡኝ ብሎ?

ዋጋ ማሳጣት

ሌባን ለመከላከል በየስታዲየሙ የሚወሩ ዘዴዎች ብዙ ናቸው። ቀፎን ካልሲ ውስጥ እንደ ተጫዋች ሺን ጋርድ መክተት፣ ሴቶች ደረታቸው ውስጥ መያዝ፣ ኪስን በመርፌ ቁልፍ መቆለፍ፣ ሁለት ሱሪ ደርቦ የውስጠኛውን ኪስ መጠቀም። ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይሠራል። ካልሲዋ ግን ጎል ሲገባ በዝላይ ትወድቅና በጫማ ትረገጣለች፣ ይህም ደርሶባቸው ያዘኑ ጥቂት አይደሉም። ከሁሉ የተሻለው የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው። ትልቁን ቀፎ ቤት ትቶ ተራዋን ባለቁልፍ ቀፎ ይዞ መምጣት። ብራዚሎች ይህቺን ሁለተኛ ቀፎ «የሌባው ስልክ» ብለው ይጠሯታል፤ በካርኒቫልና በመንገድ ጭፈራ ላይ ሌባ ሲመጣ የምትሰጠው እሷ ናት። ችግሩ ዛሬ ደጋፊው ጎሉን መቅረጽ፣ ለጓደኛው መላክ፣ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ ይፈልጋል። በባለቁልፍ ቀፎ ይህ አይሆንም።

ስለዚህ መደበቅ ካልተቻለ ሌላው መንገድ ቀፎዋን ለሌባው ዋጋ ማሳጣት ነው። ይህ በሌላ አገር ተሞክሮ ውጤት አምጥቷል። አፕል በመስከረም 2013 (እ.ኤ.አ.) የጠፋ አይፎን ያለባለቤቱ የይለፍ ቃል እንደ አዲስ እንዳይነሳ የሚያደርግ ቁልፍ አመጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት 12 ወራት የአይፎን ሌብነት በሳን ፍራንሲስኮ 40 በመቶ፣ በኒውዮርክ 25 በመቶ መቀነሱን፣ በለንደንም የዘመናዊ ስልኮች ሌብነት በግማሽ መውረዱን የከተሞቹ ባለሥልጣናት በ2015 መጀመሪያ ላይ አስታውቀው ነበር። ለእነዚያ ከተሞች ፖሊስ ስለተጨመረ አይደለም፤ የተሰረቀው ዕቃ ስለማይሸጥ ነው። ሌብነቱ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ቀፎው ሳይከፈት በስክሪኑና በባትሪው ብቻ ተበትኖ የሚሸጥበት መንገድ አለ፣ የለንደን ሌቦችም ኋላ ላይ ባሕር አሻግረው መላክ ጀምረዋል። አንድሮይድ ስልኮችም ከ2015 ወዲህ ተመሳሳይ ቁልፍ አላቸው። ግን የሚሠራው ባለቤቱ የጉግል አካውንቱን ካስገባና ስክሪኑን ከቆለፈ ነው። ቆልፍ ሲባል ፓተርን አሰልቺ ነው እያለ ክፍት የሚተው ሰው ሞባይሉን ለሌባው ከነካርቶኑ አስረክቧል ማለት ነው።

ሁለተኛዋ ነገር የቀፎዋ መታወቂያ ናት። እያንዳንዱ ቀፎ አይኤምኢአይ የሚባል 15 አሃዝ ያለው ቁጥር አለው። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ሲነካ ይመጣል። ካርቶኑም ላይ ተጽፏል። ሁለት ሲም ለሚወስድ ቀፎ ቁጥሩም ሁለት ነው። ይህን ቁጥር ደብተር ላይ የጻፈ ሰው ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ ሳምሰንግ ነበር፣ ጥቁር ነበር ከማለት ይድናል። ፖሊስ አንድ ሙሉ ከረጢት ቀፎ ይዞ ባለቤት ቢፈልግ የኔ ነው ብሎ ማስረዳት የሚችለው ቁጥሩ ያለው ሰው ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በመስከረም 2010 ዓ.ም. ቀፎዎችን በዚሁ ቁጥር መመዝገብ ሲጀምር ከተነገሩት ጥቅሞች አንዱ የተሰረቀ ቀፎን ከኔትወርክ ማገድ መቻሉ ነበር። ቁጥሩን ማገድ ብቻውን በቂ እንዳይሆን የሚያደርጉ ቁጥሩን የሚቀይሩ ጠጋኞች በየአገሩ አሉ። እንግሊዝ ይህን በ2002 (እ.ኤ.አ.) ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጋ እስከ አምስት ዓመት እስር ደንግጋበታለች።

አሁን የሚሄደው ቀፎ ብቻ አይደለም

የድሮ ደጋፊ ሞባይሉ ሲሰረቅ የሚያለቅሰው ለቀፎዋና ለስልክ ቁጥሮቹ ነበር። የእድሩ ሰብሳቢ ቁጥር፣ የእቁቡ ጸሐፊ ቁጥር፣ የማይነገር ሰው ቁጥር። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ከጀመረ፣ ባንኮችም ገንዘቡን ስልክ ውስጥ ካስገቡት በኋላ ግን ነገሩ ተለወጠ። ያኔ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ወርውሮት ይሄድ ነበር። አሁን አንዳንዱ ቀፎውን ትቶ ሲሙን ነው የሚፈልገው። ሲሟን ሌላ ቀፎ ውስጥ ይከታል። በሲሟ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ይቀበላል። በዚያ ቁጥር ቴሌግራም ይከፍታል፣ ለዘመድ ለጓደኛ በባለቤቱ ስም ችግር ገጥሞኛል፣ ብር ላክልኝ ብሎ ይጽፋል። ባለቤቱ ገና ስታዲየም ውስጥ ኪሱን እየዳበሰ፣ በጓደኛው ስልክ ራሱ ጋ እየደወለ ደንበኛው አይገኝም የምትለዋን ሴትዮ እያዳመጠ ነው። ስታዲየም ዙሪያ ጠጥቶ ሊረሳው የሄደውማ ማግስቱን ነው የሚነቃው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት። ቀፎዋን ፍለጋ ከመሮጥ በፊት ሲሟን ማዘጋት ይቀድማል። ለኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ቁጥሩ 994 ነው፣ ለቴሌብር 127። ከዚያ ባንኩ። ከዚያ ፖሊስ። ሲሙን በመታወቂያ በማግስቱ ማውጣት ይቻላል፣ የወጣ ብር ግን እንደ ቀይ ካርድ ነው፣ ዳኛው አይመልሰውም።

ከሁሉ የሚገርመው ብዙ ሰው የማያውቃት ነገር ሲም ካርዷ ራሷ ቁልፍ ያላት መሆኗ ነው። በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ የሲም መቆለፊያ የምትል አለች። አራት አሃዝ ትቀበላለች። ከተከፈተች በኋላ ሲሟ ሌላ ቀፎ ውስጥ ስትገባ ቁጥሯን ትጠይቃለች፣ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ቁጥር የነካ ሰው ላይ ትዘጋለች። መክፈቻዋ ከሲሟ ጋር በመጣችው ካርድ ላይ የተጻፈው ረጅም ቁጥር ነው፣ ያቺ ካርድ ደግሞ ቤት ነው ያለችው። አንዲት ማስጠንቀቂያ ብቻ አለች። ሲሟ ስትገዛ የመጣችውን የመጀመሪያ ቁጥር ሳያውቁ በግምት መሞከር ባለቤቱን ራሱን ያዘጋበታል። ቴሌግራምም ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማስገቢያ አለው። ይህ ሁሉ ብር አያስወጣም።

የብራዚል መንግሥት በታኅሣሥ 2023 (እ.ኤ.አ.) ያመጣው ነገር ለእኛ ቢመጣ እንዴት ጥሩ ነበር! ስልኩ የተሰረቀበት ሰው ወይም ቀድሞ የመዘገበው የሚያምነው ሰው በአንድ መተግበሪያ አንድ ጊዜ ሲያመለክት ቀፎውም፣ መስመሩም፣ የባንክ አካውንቶቹም በየድርጅቱ እንዲታገዱ መልእክቱ ይተላለፋል። እኛ ጋ ሰውየው ለአንዱ 994፣ ለሌላው 127፣ ለባንኩ ደግሞ ሌላ እየደወለ፣ ያውም በተውሶ ስልክ፣ በዘጠና ደቂቃ ጩኸት መሀል። ቁጥሮቹን በቃሉ የያዘ ደጋፊ ስንት አለ? የአጥቂዎችን የጎል ብዛት ግን ሳይሳሳት ይቆጥራል።

ሌባው ዲኤስቲቪ ቤት ገብቷል

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ ሲተላለፍ፣ ጨዋታዎቹም በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሐዋሳ እየተሰባሰቡ ሲካሄዱ የአዲስ አበባው ደጋፊ ስታዲየሙን ትቶ ወደ ዲኤስቲቪ ቤት ገባ። የእንግሊዝ ኳስ ቀድሞም እዚያ ነበር። ሌባውም ሥራ አልፈታም፣ ተከትሎ ገባ።

ዲኤስቲቪ ቤት ለእሱ ከካምቦሎጆ ይመቸዋል። ጨለማ ነው። አግዳሚው ላይ ትከሻ ለትከሻ ነው የሚቀመጡት። የአርሴናልና የማንቼ ጨዋታ ከሆነ ደግሞ ቦታ ስለሌለ ግማሹ ቆሞ ነው። በዚያ ላይ ግድግዳው ጥግ የቻርጀር መሰኪያ አለ፣ ስድስት ሰባት ቀፎ ወለል ላይ ተኝቶ ባትሪ ይሞላል። የእኔ ነው ብሎ አንዱን ነቅሎ የሚወጣን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ሁሉም ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነው። አንዳንድ ቤቶች ዘዴ አግኝተዋል። ቻርጀሩን ከመጋረጃው ወዲያ ባንኮኒው ኋላ አድርገው ቀፎ ሲረከቡ ቁጥር ያለው ካርቶን ቁራጭ ይሰጣሉ። ቁጥሩን ያላመጣ አይቀበልም። ተራ ነገር ነው፣ ይሠራል።

የስልክ ሠሪዎቹም ወደዚህ እየመጡ ነው። ጉግል በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ላይ ለአንድሮይድ ስልኮች ማከፋፈል የጀመረው ቁልፍ ስልኩ ከእጅ ተመንትፎ ሲሮጥበት እንቅስቃሴውን አውቆ ስክሪኑን ይቆልፋል። አፕልም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ባለቤቱ ከሚያዘወትራቸው ቦታዎች ውጪ ትልልቅ ለውጦች ያለፊት ወይም ያለጣት አሻራ እንዳይደረጉ የሚከለክል ቁልፍ አምጥቷል። ሁለቱም ሲመጡ ከማስተካከያው ውስጥ ገብቶ መክፈት ይፈልጉ ነበር፣ በራሳቸው አይነሱም ነበር።

ከካምቦሎጆ ነባር ደጋፊዎች መሀል ዛሬም ትልቁን ቀፎ ለሚስቱ ሰጥቶ፣ የትኬቷን ብርና የታክሲዋን ሳንቲም ብቻ ይዞ፣ ባለቁልፍ ኖኪያውን በሸሚዝ ኪሱ አድርጎ ኳስ የሚሄድ ዓይነት ሰው አለ። ወጣቶቹ ይስቁበታል። ጎል ሲገባ ግን ሁለቱም እጆቹ ላይ ናቸው።